የአንዋር ምስክሮች

ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው የመንደራችንን ሰሌዳ ነው። ሌላውም ሰው እንደዚያው ነው። ሰሌዳው ከመንደሩ በር አጠገብ ቆሟል። የማን ስኳር እንደጨመረ፣ የማን ግፊት እንደወረደ፣ ማን ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ድምፁ የሴት ነው፣ ለስለስ ያለ። «እንደምን አደራችሁ። የመንደራችሁ ጤና ዛሬ መካከለኛ ነው» ይላል። መካከለኛ ያለ ቀን ሰዎች ዝም ብለው ያልፋሉ። ዝቅተኛ ያለ ቀን ግን ዞር ብለው የእኛን ቤት ያያሉ። አይናገሩም። ማየት ግን ያያሉ።

የአንድ መንደር ሰው የሕክምና ሽፋኑ አንድ ነው። አንዱ ሲወድቅ የሌላው ተራ ወደ ኋላ ይሄዳል። አባ ይመር የዓይን ሞራቸውን ሊገፈፉ ተራ ይዘው ነበር፤ በእኛ ቤት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተላለፈባቸው አላህ ያውቃል። አንድም ቀን አላነሱብኝም። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «ጦይባ ነሽ? ልጁ እንዴት አደረ?» ይሉኛል።

ልጁ አንዋር ነው። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ካለው የባትሪ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። እዚያ ፈረቃው ረጅም ነው። ሠራተኛው ብልጭ የሚሏትን ክኒን ይወስዳል፤ እንቅልፍ ታባርራለች። አለቆቹም ያውቃሉ፣ አላየንም ይላሉ። አንዋር ቀጥ ብሎ እየሠራ ብዙ ጊዜ ቆየ። በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሰናበቱት። ሥራው ቀረ፣ ክኒኗ ግን አብራው ቤት ገባች።

ስኳር ይሸፈናል። ኩላሊት ይሸፈናል። ጨው አብዝቶ በልቶ ግፊት ያመጣ ሰው ይሸፈናል፤ ጨው ብላ ብሎ ያዘዘው የለም። አንዋር ግን «በራስ እጅ የመጣ» ከሚለው ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው መንደሩን ወደ ታች ይጎትታል፤ እሱ ራሱ ግን አይታከምም።

ይህን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ዛሬ በሩም ሰሌዳውም ሱቁም ስለሚናገር ማንበብ የሚማር ሰው ጠፍቷል። ደንቡ ግን አይናገርም። ደንቡ የሚገኘው በጽሑፍ ብቻ ነው። ለዚህ ብለን እኔና ጎረቤቴ አስካለ በዚህ ዕድሜያችን ከፊደል ጀመርን። የእሷ ልጅ ሂሩትም እንደ አንዋር ናት።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንዋርን ካየችው በኋላ ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ።

«ብልጭን በአንዴ ካቆመ መንቀጥቀጡ ሊወስደው ይችላል። ካላቆመ ደግሞ ልቡ ይደክማል። ማገገሚያ ገብቶ፣ ሐኪም እያየው፣ ቀስ በቀስ ነው የሚተዋት።»

«እንግዲያ አስገቡልኝ» አልኳት።

እጁ ላይ ያለውን አምባር አየች። አምባር ሁላችንም እናስራለን፤ የተሸፈነ ሰው አረንጓዴ ነው፣ የአንዋር ቢጫ ነበር። «እናቴ፣ በዚህ አይገባም» አለችኝ። ቀጥላ ሌላ ሰው ጠራች።

አንዋር ስለማይተኛ ጎህ ሳይቀድ የመንደሩን መንገድ ይጠርጋል። ማንም አላዘዘውም። ጎረቤቶች ሲወጡ መንገዱ ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶ ያገኙታል። አንድ ጠዋት መጥረጊያውን ተደግፎ ሲስቅ አገኘሁት።

«ምን ያስቅሃል?»

«እኔ እኮ የመንደሩ ዘበኛ ሆኛለሁ፣ እማ። ሌባ ቢመጣ ከእኔ በቀር የነቃ የለም። ግን የሚሰረቀውን ሁሉ እኔ ሸጬዋለሁ፤ ሌባውም አዝኖ ይመለሳል።»

ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ የሸጠው እኮ የእኔን ብርድ ልብስ ነው። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። «ትመታለች» አለኝ ስለ ልቡ፤ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚያወራ። «ዝም በይ ብላትም አትሰማኝም።»

የእናቶች ማኅበር የሚባል አለን። ረቡዕ ረቡዕ ማን እንደሚታከም ከሚወስነው የሽፋን ሸንጎ ሕንፃ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን እንቆማለን። በሩ ባየን ቁጥር «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይለናል። አይከፈትም። ዝናብም ፀሐይም እየተፈራረቀብን ዓመታት ቆምን። ከመሃላችን ልጆቻቸውን የቀበሩ ነበሩ፤ ቀብረውም መጥተው ይቆማሉ። የምንለው አንድ ነገር ነው። ይህም እንደ ሌላው በሽታ ነው፣ እንደ ሌላው ይታከም።

ጠበቃችን ትርሲት ትባላለች። ወንድሟ በብልጭ ነው የሞተው። ባለፈው ክረምት እየሮጠች መጥታ ደንቡ ላይ አዲስ አንቀጽ መግባቱን ነገረችን። አንድ ሰው «በራስ እጅ» ከሚለው ክፍል ሊወጣ የሚችለው አብሮት የሚኖረው ማኅበረሰብ ሸንጎ ቀርቦ በሽታ መሆኑን በአንድ ድምፅ ከመሰከረለት ነው። ይህችን ለማግኘት ነው ያ ሁሉ መቆም። አስካለ እልል አለች። የመጀመሪያው ጉዳይ የአንዋር እንዲሆን ማኅበሩ መረጠ፤ ልቡ ጊዜ አይሰጥም ብለው ነው። የእሱ ከተሳካ ሂሩትም ሌሎቹም በዚያው መንገድ ይከተላሉ።

የሚመሰክረው ቅሬያችን ነው። ቅሬ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ከለቀስተኛው ጋር የሚቀመጥ የሰፈር ማኅበር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። የቅሬው ዳኛ አባ ይመር ናቸው። ደም ያፈሰሱ ሰዎችን ሳይቀር ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ተናግረው ያልተሰማበት ቤት የለም ይባላል። ስለዚህ ቃሉን እሳቸው እንዲናገሩ፣ ሌላው እንዲያጸና ተስማማን።

ትርሲት በእኛ ግቢ አለማመደችን። ራሷ እንደ ሸንጎ ሆና ፊታችን ቆመች።

«አንዋር ምን ሆኗል? ብዬ እጠይቃለሁ። ታሟል በሉ። ሌላ ምንም አትበሉ።»

«ታሟል» አሉ አባ ይመር። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ሸንጎ ፊት ቀርቦ እንዲህ በደረቁ ይነገራል? ሰላምታው የት አለ? ምርቃቱስ?» አሏት።

«ምርቃት አያስፈልገውም አባ። ቃሉን ነው የሚፈልገው።»

«ምርቃት የማያስፈልገው ማን ነው?»

«አይ አባ ይመር!» አለች አስካለ። «አንቱ እኮ ዶሮንና ጭልፊትን ቢያገኙ፣ ጭልፊቱን ክሰህ ታረቅ ይሉታል። ልጅቱ ያለችዎን ብቻ ይበሉላት፣ በማርያም!»

ግቢው ሳቀ። አባ ይመርም ሳቁ። «እሺ። ታሟል። ታሟል። ታሟል» አሉ እንደ ተማሪ። አንዋር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አባ፣ እንዲህ ሦስት ጊዜ ካሉት እኔም ማመኔ አይቀርም» አላቸው። «አብሽር ልጄ» አሉት። «እናወጣሃለን።»

የሸንጎው ቀን ከነጋ ጀምሮ መንደሩ ነጭ ለብሶ ወጣ። አባ ይመር ኩታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ሆኑ። የሌሎቹ ልጆች እናቶችም አብረውን መጥተው መተላለፊያው ላይ ቆሙ። በሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተልን።

ውስጥ ሰው የለም። ሰፊ ክፍል ነው። ምንጣፍ አለ፣ ወንበር አለ፣ ግድግዳ አለ። እኛ የጠበቅነው እንደ ሰሌዳው ዓይነት የሴት ድምፅ ነበር። ከግድግዳው የወጣው ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው። የወሎ ሰው አነጋገር ያለው፣ ረጋ ያለ፣ የተከበረ። ለእኛ ክብር ብለው ይሆናል እንዲያ ያደረጉት። አላውቅም።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ። ምን ልትሉኝ መጣችሁ?»

ትርሲት ቀና አለች። ያለማመደችን ጥያቄ ይህ አልነበረም።

ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። የበደሉትን ሰው ለማስታረቅ ሽማግሌ ሲላክ፣ የተበደለው ሰው በሩ ላይ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሽማግሌም እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አባ ይመር አልተቀመጡም። እሳቸው ስላልተቀመጡ ማናችንም አልተቀመጥንም።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ።

«ጉዳያችሁን ተናገሩ።»

አባ ይመር ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸው ላይ አሰሩት። ለልመና የመጣ ሰው እንደሚያደርገው። ልቤ ያን ጊዜ ነገሩን ያወቀው ይመስለኛል፤ እኔ ግን አላወቅኩም።

«ልጃችን አጥፍቷል» አሉ።

«አባ!» አለች ትርሲት።

«ምስክርነት እየተሰጠ ጠበቃ አትናገርም» አለ ግድግዳው፣ በትሕትና።

«ልጅ ያጠፋል» አሉ አባ ይመር፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሞልቶ። «ያጠፋው እሱ ብቻ አይደለም። ሳንመክረው፣ ሳንገሥጸው እኛም አጥፍተናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። አናስተባብልም። ትንሽ ያጠፋል፣ ትልቅ ይምራል። ማሩን።»

ከኋላ ሁሉም ሰው «ማሩን!» አለ። አስካለ ተንበረከከች። ሴቶቹ ተንበረከኩ። እኔም ተንበርክኬ ነበር። «ማሩን» የሚል የራሴን ድምፅ ሰማሁት፣ ከሁሉም ድምፅ ከፍ ብሎ።

በእኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አላጠፋም ያለ ሽማግሌ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። መጀመሪያ ጥፋቱን ትወስዳለህ። ሙሉውን፣ የሌለውንም ጨምረህ። ያን ጊዜ የተቆጣው ሰው ቁጣው መቆሚያ ያጣል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «ለእናንተ ስል» ይላል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያየነው ይህንን ነው። አባ ይመር በዚህ መንገድ ነው ሰው ከሞት ያወጡት።

ግድግዳው ትንሽ ዝም አለ። ሁላችንም ያንን ቃል ጠበቅን። አባ ይመር ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አመሰግናለሁ» አለ። «ማኅበረሰቡ ነገሩ ጥፋት መሆኑን በአንድ ድምፅ መስክሯል። ምስክርነቱ ተቀባይነት አግኝቷል። ምሕረትን በተመለከተ፣ ይህ ሸንጎ ምሕረት የመስጠት ሥልጣን የለውም። በሰላም ግቡ።»

አባ ይመር በደንብ ስለማያዩ ወደ ትርሲት ድምፅ ዞሩ።

«ምን አለ? ማረን?»

ትርሲት ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

ትርሲት ከዚያ በኋላ ያላንኳኳችው በር የለም። ይህ የአገራችን የልመና ወግ ነው፣ ጥፋተኛ ነው ማለታቸው አይደለም ብላ ጻፈች። ደጋግማ ጻፈች። በአንድ ድምፅ የተሰጠ ምስክርነት አይመለስም የሚል መልስ መጣላት። ከዚያም የባሰ ነገር ነገረችን፤ በአንዋር ላይ የተሰጠው ቃል ለሚመስሉት ጉዳዮች ሁሉ ያገለግላል። መተላለፊያው ላይ ቆመው ይጠብቁ የነበሩት እናቶች ወረፋቸው ሳይደርስ ጉዳያቸው አለቀ። የሂሩትም ጉዳይ አብሮ። አስካለ ስትሰማ አልተቆጣችኝም። «እኔም ማሩን ብያለሁ» አለች ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልድ ተወች።

በማግስቱ ሰሌዳው «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። «የመንደራችሁ ጤና ዛሬ በጣም ጥሩ ነው።»

አንዋር በሽተኛ ስላልሆነ ከመንደሩ ሒሳብ ወጥቷል። የሁሉም ሰው ተራ ወደ ፊት መጣ። «አባ ይመር፣ የዓይን ሕክምና ተራዎ ደርሷል። እባክዎ ዛሬ ይቅረቡ» አለ ሰሌዳው። አባ ይመር ሰሌዳው ፊት ቆመው ሰሙት። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተጭነው፣ «አልሄድም» አሉት። ሰሌዳው መልሶ «እባክዎ ዛሬ ይቅረቡ» አለ። ደጋግሞ ይላል። ዛሬም ይላል።

የአንዋር አምባር አመድማ ሆነ። ጥፋተኛ አመድማ ነው። ሱቅ አይከፈትለትም። የመንደሩ በር ቀርቦ ቢቆምም አይከፈትለትም። ወጥቶ ክኒኗን መግዛት አይችልም፤ ገብቶ የሚታከምበትም የለም። ነርሷ በአንዴ አይተዋት ያለችውን በአንዴ አስተዉት።

እኔ ልፈልግለት ወጣሁ። ለልጄ መርዝ ፍለጋ። ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚሸጡትን ልጆች አገኘኋቸው። አምባሬን ሲያዩ ተበተኑ፤ የጥፋተኛ እናት አምባር ሰው እንደሚያጋልጥ ያውቃሉ። «እማማ፣ ይሂዱ፣ አያስበሉን» አለኝ አንዱ እየሸሸ። ለመንኩት። ወላሂ ተንበርክኬ ለመንኩት። ልመና የማይሰማ ዘመን ነው።

በቀጣዩ ጠዋት አንዋር መጥረጊያውን እንደያዘ መንገድ ላይ ወደቀ። ተሸክመን አስገባነው። ከንፈሩ ደርቆ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። በእሱ አምባር አምቡላንስ ጠራሁ። «ለዚህ አምባር አገልግሎት የለም። መልካም ቀን» አለኝ። በእኔ አምባር ጠራሁ። «እርስዎ ጤነኛ ነዎት» አለኝ። አስካለም በእሷ ሞከረች። እሷም ጤነኛ ናት። ነርሷ ጋ ሰው ላክን። ለአመድማ አምባር መድኃኒት ካወጣች ከሥራዋ እንደምትወጣ ነግራ፣ አልቅሳ፣ ውኃ ስጡት፣ ጭንቅላቱን ጠብቁ ብላ ላከችብን።

ረፋድ ላይ ውጪ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ የቅሬው ወንዶች በደጄ ላይ ድንኳን እየተከሉ ነው።

«አባ ይመር!» ብላ አስካለ ጮኸች። «ምን ማድረግዎ ነው? ሟርት ነው ይሄ! ልጁ እኮ አልሞተም!»

«አውቃለሁ።»

«ድንኳኑ የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው። ደንባችን ነው።»

«ሌላ ምን አለን?» አሉ አባ ይመር። ካስማውን በእጃቸው እየዳሰሱ ይፈልጋሉ። «ሐኪም የለን። መድኃኒት የለን። ያለን ድንኳንና ሰው ነው። ሲሞት የምንመጣ ከሆነ አሁን ብንመጣ ምን ይለናል?»

አስካለ ወንበር ለማምጣት ሄደች።

መንደሩ መጣ። ሥራ የሄደውም ተመለሰ። እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ፤ ጋቢ ተከናንበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አንድ መንገደኛ ቆሞ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በመስኮቱ ሰማሁ። «አልሞተም» አሉት አባ ይመር። «ታሟል።» መንገደኛው ምን እንደሚባል ጠፍቶት፣ እግዜር ያጥናችሁ ሊል ጀምሮ ተወውና ሄደ።

እኔ ከአንዋር ራስጌ ነበርኩ። በጨርቅ ውኃ እያራስኩ ከንፈሩን እነካዋለሁ። መንቀጥቀጡ ሲመጣ እይዘዋለሁ፣ ሲለቀው እለቀዋለሁ። በመሃል ዓይኑን ገለጠ።

«እማ፣ የሰው ድምፅ ይሰማኛል።»

«ጎረቤቶች ናቸው።»

ጆሮውን ጣል አደረገ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። የወንበር መንቀሳቀስ፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ የአባ ይመር ዱዓ።

«ለቅሶ ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ለአንተ ነው የመጡት።»

«ለእኔ?» አለ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ያርገበግበዋል። «ታዲያ ለምን ውጪ ተቀመጡ? ግቡ በያቸው እንጂ።»

በሩን ከፈትኩ። «ግቡ ይላችኋል» አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለቅሶ ላይ የት እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። እዚህ ግን ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ አልነበረም። አባ ይመር ከዘራቸውን ደጃፍ ላይ ትተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። አስካለ ገባች። ሌሎቹም ተከተሉ። ጠባቧ ቤቴ ሞላች።

ከዚያ ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ። ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠ። አስካለ አንድ እግሩን ያዘች፣ ሌላው ሌላውን እግሩን ያዘ፣ አባ ይመር እጁን ፈልገው አግኝተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ጭንቅላቱን እኔ ደረቴ ላይ አደረግኩ። «ያዙት» አልኩ። «ይዘነዋል» አሉ። «ያዙት» አልኩ ደግሜ። ይዘነዋል አሉኝ። አሁንም ይዘነዋል።